ስም ያልተጻፈባት ሻማ

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የባለቤቴ ነው። ከፊት ያሉት ስድስት ገጾች የሰው ልክ ናቸው፤ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት። የቀረው ባዶ ነው። ልብስ ስትሰፋ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ መጣል አትወድም ነበር፤ እኔም ደብተሩን አልጣልኩትም። ቀን ያየሁትን ሁሉ ማታ የምነግራት እሷ ነበረች። አሁን የምነግረው ሰው ስለሌለ እጽፈዋለሁ። ካረፈች ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሆናት።

በካርድ ክፍል ዛሬ ሰው አልበዛም። እስከ ሰባት ሰዓት ሠላሳ አንድ ካርድ አወጣሁ፣ ሠላሳ አንድ መለስኩ። በአንዱም አልተሳሳትኩም። ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከላይ በቀኙ ጥግ፣ አንዲት አረንጓዴ ቀስት ብቅ ብላለች። ስትነካ «ብራውዘሩን ያድሱ» ትላለች። ከሥሯ ሁለት ምርጫ አለ፤ «አሁን አድስ» እና «በኋላ አስታውሰኝ»። በኋላ አልኳት።

ብራውዘር የሚሉት የታካሚዎቹን መዝገብና የላቦራቶሪውን ውጤት የምናይበትን መስኮት ነው። የእኔ እውቀት እዚህ ላይ ያበቃል።

ጥቅምት 5፣ ሐሙስ

ሰባት ሰዓት ላይ የከሰዓት ተረኛዋ ልትረከበኝ መጣች። ወንበሩ ላይ ገና ሳትቀመጥ ቀስቷን አየቻት።

«ጋሼ፣ ይቺ ነገር አድሱኝ አድሱኝ ትላለች። ልጫናት?»

«ተያት። ዶክተሯ አትንኩ ያሉትን ረሳሽው? ያኔ ታድሶ ማተሚያው ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ ብሎን የለ?»

«ያ እኮ የማተሚያው ነው። ይሄኛውን ግን ራሳችሁ ተጫኑ ብሎ የኮምፒውተር ባለሙያው ወረቀት ለጥፎልን ነበር።»

«የት አለ ወረቀቱ?»

ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አየች። አጣችው። «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አለችና ተቀመጠች።

ጥሩ ልጅ ናት፣ ታላቅ ታከብራለች። የስድስት ዓመት ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። እናቷ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም፤ እስከ ዛሬ ጥቁር ትለብሳለች።

ወረቀቱ ያለው የተረኞች ሰሌዳ ሥር ነው። ሰሌዳውን እዚያ ላይ የሰቀልኩት ሌላ ምስማር ስላልነበረ ነው።

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ከጸሎት ስመለስ ልጄ ደወለች። ካለችበት ከተማ በሳምንት አንዴ ትደውላለች፤ ሥራ ይበዛባታል።

«አባዬ፣ ምን በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን በላህ ነው ያልኩህ?»

«ምግብ ነዋ! የቤት ዕቃ ልበላ ነው?»

ሳቀች። ድሮ እንዲህ ስል እናቷ ነበረች ከጓዳ ሆና የምትመልስልኝ። ከዚያ ደህና ሁን አለችኝና ስልኩ ተዘጋ። አምስት ደቂቃ ሞልቷል፤ አላማርርም።

ስለ ሻማዋ እስካሁን አልጻፍኩም። ትንሽ ነገር ስለሆነች ነው። መስከረም ላይ ልጄ አንድ ገጽ ላከችልኝ። እዚያ ገብተህ ለሞተብህ ሰው ሻማ ታበራለህ። ሥዕል ናት እንጂ እውነተኛ ሻማ አይደለችም፤ ነበልባሏ ግን ይወዛወዛል። ገጹ ክፍት እስከሆነ ድረስ ትበራለች፣ ከሥሯም ቀኑ ይቆጠራል። ገጹን ከዘጋኸው ትጠፋለች። ብትመለስ ሌላ ሻማ ታበራለህ፤ እሱ ከዜሮ ይጀምራል።

ስልኬ ባትሪው አይቆይም፤ ቤት ውስጥም ኮምፒውተር የለኝም። የካርድ ክፍሉ ግን አይጠፋም፤ የላቦራቶሪው ማሽን ሌሊትም ውጤት ይልክበታል። መስከረም 14፣ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እዚያ ላይ አበራሁላት። «ስም» የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ስሟን በሥራ ቦታ ማንም እንዲያነበው አልፈለግሁም። ገጹን ዝቅ አድርጌ ከሌሎቹ ሥር ደበቅኩት። ጠዋት ስገባ አይቻት እመልሳታለሁ። ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ነው። የማንንም ሥራ አላስተጓጎልኩም።

ዛሬ ሃያ አራተኛ ቀኗ ነው።

ብራውዘሩ ሲታደስ ተዘግቶ ነው የሚከፈተው ይላሉ። ያ ሌላ ነገር ነው። እኔ የማላድሰው ዶክተሯ አትንኩ ስላሉ ነው።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

ሰው በዝቶ ነበር። ቀስቷ ቀይ ሆናለች። በኋላ አልኳት። ረፋድ ላይ ደገመችኝ። በኋላ።

ጥቅምት 25፣ ረቡዕ

ቀይዋ ዓይኔ ላይ እየተተከለች ሥራ ከለከለችኝ። ከቁስል ክፍል ነጭ ፕላስተር ለምኜ በጥፍር ልክ ቆረጥኩና ጥጉ ላይ ለጠፍኩባት። ዘበኛው ካርድ ሊያቀብል ገብቶ አየው።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ምን ሆኖ ነው? ቆስሎ?»

«አዎ፣ ተወግቶ።»

«እንኳን ክሊኒክ ውስጥ ሆነ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን በደም መፍሰስ ያልቅ ነበር!»

ብዙ ሳቅን። ከሳቅሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ተረኛዋም ስትረከበኝ ፕላስተሩን አየችው፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ልጄ አልደወለችም። ሃምሳ ሁለተኛ ቀን።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ራት ሳልበላ ነው ይህን የምጽፈው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጫማ ሰፊው መጣ። ከክሊኒኩ ማዶ፣ መታጠፊያው ላይ የሚሠራው ማለቴ ነው። ከዚህ በፊት በሳንባ ነቀርሳ ታክሞ ድኗል፤ ካርዱን በእጄ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ታሞ አልመጣም። ስልኩን በመስኮቱ አሾልኮ አቀበለኝ።

«አንብበው» አለኝ።

አነበብኩት። ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩ፣ የአክታው ውጤት ከነቀኑ ተጽፏል። ከሥሩ «በሦስት ቀን ውስጥ ካልከፈልክ ለሚያውቁህ ሁሉ እንልከዋለን» ይላል።

«ማጭበርበር ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። «ትናንት ማታ ለአከራዬ ደረሰው። ዛሬ ጠዋት ዕቃዬን ደጅ አገኘሁት። አሁን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ካርዴን ያየው ማነው? ይህን ክፍል የምትይዙት እናንተ አይደላችሁም?»

«እኛ... እኔ ለማንም አላሳየሁም።»

«እናንተ ካላሳያችሁ እግር አውጥቶ ሄደ?»

እስከ ምሳ ድረስ ስድስት ሰው መጣ። ለእነሱም ተመሳሳይ መልእክት ደርሷቸዋል። አንዲት ሴት ግን ስልኳን አሳየችኝና ዓይን ዓይኔን እያየች ቆመች።

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

ባለሙያው ከማለዳ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ፕላስተሩን ላጠው። ከዚያ ክፍት የነበሩትን ገጾች አንድ በአንድ አወጣቸው። ከሁሉ ሥር ሻማዋ ወጣች። ሃምሳ ስድስት ትላለች።

«ይቺ የማን ናት?» አለ።

እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ቡና ሊጠጡ የወጡት ነርሶች ተመልሰው ገቡና ተሰበሰቡ። «እሷ ናታ» አለች አንዷ ቀስ ብላ። «እናቷ...»

ባለሙያው ገጹን ዘጋው። ዝም ብሎ፣ አንዴ ተጫነውና ጠፋ።

ከዚያ ብዙ ነገር አስረዳኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አይንቅም። «ገጿ ራሷ ክፉ አይደለችም፣ ጋሼ» አለኝ። «በጎኗ ማስታወቂያ ይለዋወጣል። አንዱ ማስታወቂያ ውስጥ ሌባ ተደብቆ ነበር። የታደሰ ብራውዘር ቢሆን ኖሮ ሌባው በሩን አንኳኩቶ ይመለስ ነበር። ይሄኛው ግን ቀዳዳ ነበረው።»

«ማንም ምንም ሳይጫን?»

«ምንም። ክፍት መሆኗ በቃው። እና ቀዳዳው አዲስ አይደለም። ሠሪዎቹ አግኝተውት ደፍነውታል። ደፍነናልና አድሱ ብለው አውጀዋል። አዋጁ ደግሞ ለእኛ ብቻ አይደርስም፤ ሌባውም ያነበዋል። ያላደሰ ማነው እያለ ቤት ለቤት ይዞራል። ከአዋጁ በኋላ የሚዘገይ ሰው፣ ቁልፌ ተሰብሯል ብሎ ደጁ ላይ ጽፎ እንደሚተኛ ሰው ነው። እናንተ ሠላሳ ስምንት ቀን ተኝታችኋል።»

ቀጥሎ ከግድግዳው ላይ የተረኞችን ሰሌዳ አነሳው። ወረቀቱ እዚያው ነበር፤ በራሱ እጅ፣ በትልቁ፤ «ብራውዘሩ አድሱኝ ሲል ወዲያው አድሱት። ማተሚያውን አይነካም።»

«ማነው ይሄን የሸፈነው?» አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀው። ሁለተኛ ቢጠይቅ እመልስለት ነበር።

ኅዳር 11፣ ዓርብ

ዶክተሯ ቢሮ ተጠራን። ተረኛዋ፣ እኔ፣ ባለሙያው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሯ ናቸው፤ ሰው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዛሬ በጣም ቀንሶ ነበር።

«እናትሽ እንደሆኑ ገብቶኛል» አሏት። «ያሳዝናል። ግን ይሄ የሕዝብ መዝገብ ነው።»

«የኔ አይደለችም፣ ዶክተር።»

«ገጹ የተከፈተው ሰባት ሰዓት ግድም ነው ይላል። አንቺ የምትገቢበት ሰዓት ነው። የስም ቦታው ባዶ ነው። ሌላ ማን ነው ሐዘንተኛ?»

እኔ ጥቁሩን በስድስተኛው ወር አውልቄያለሁ። «አባዬ፣ ይብቃህ» ብላ ያስወለቀችኝ ልጄ ናት።

«እሺ፣ ማደሱንስ? ቀይ ሆኖ እያየሽ ለምን አልተጫንሽም?»

«አትንኪ ተብዬ ነው።»

«በማን?»

ያኔ ዞር ብላ አየችኝ። በቁጣ አይደለም። ሰው ቀጠሮ ቦታ ቆሞ መንገዱን እንደሚያየው ነበር ያየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ተመለሰችና «ረሳሁት» አለች።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረው «እርስዎ መቼም በዚህ ነገር አይገቡም» አሉኝ።

«ኮምፒውተር እስከዚህም ነኝ» አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም። እስከዚህም ነኝ።

ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ከሥራ ታግዳለች። ቦርሳዋን ስትወስድ ካርድ ክፍል ውስጥ ብቻችንን ነበርን። «ደህና ይዋሉ፣ ጋሼ» አለች። «ደህና ዋይ» አልኳት።

ሰኞ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ዶክተሯ ተቆጥተዋል፤ የተቆጣ ሰው አይሰማም።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

ዶክተሯ አልነበሩም። ነገ።

ኅዳር 15፣ ማክሰኞ

ነበሩ፤ ሰው በዝቶባቸው ነበር። ደግሞም ነገሩን በሚገባ ማሰብ ይሻላል። ጡረታ ልወጣ አሥራ አራት ወር ነው የቀረኝ። እሷ ወጣት ናት፣ ሥራ አታጣም። እኔን በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አነበብኩት። አልፋቅሁትም፣ ይቆይ።

ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ብርቱካን ገዝቼ፣ ለልጇም ደብተርና ባለቀለም እርሳስ ጨምሬ፣ በዘበኛው እጅ ላክሁላት። ሰፈራቸው አንድ ነው። «ከሥራ ባልደረቦችሽ በላት» አልኩት። ከምሳ በፊት መልሶ አመጣው።

«ምን አለች?»

«የትኛው ባልደረባ ነው አለች። አላውቅም አልኳት። እንግዲያው ስሙን ሲጽፍበት እቀበላለሁ አለች።» ከረጢቱን አስቀመጠና ራሱን ነቀነቀ። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት እሷ ናት ጋሼ። የሰው ገመና አስዘርፋ ደግሞ ትኮራለች!»

«አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት። ደነገጠ። ተቆጥቼው አላውቅም ነበር።

ብርቱካኑን ብቻዬን መጨረስ አልቻልኩም። ተበላሸ።

ኅዳር 20፣ እሑድ

ልጄ ደወለች። አንድ የማውቀው ሰው፣ በሥራ ቦታው ሳያውቅ ጥፋት አጠፋና ሌላ ሰው ተጠየቀበት አልኳት።

«ሳያውቅ ነው?»

«መጀመሪያ ሳያውቅ ነው።»

«አሁንስ ያውቃል?»

«አሁን... አዎ።»

«ታዲያ አሁን ሳያውቅ አይባልማ፣ አባዬ።» ቀጥላ «ሰውየውን በደንብ ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

«ብዙም አይደለም» አልኳት።

ኅዳር 24፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ሳልተኛ መጻፍ አለብኝ።

ከሥራ ስወጣ የግራ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ። ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ሆን ብዬ ሄድኩ ይሆን? ሶሉ ከከፈተ ሳምንት አልፎታልና ሆን ብዬ ነው። አሁን የሚያድረው እዚያችው መሥሪያው ውስጥ ነው፤ ከቆዳ ጥቅሎቹ ኋላ የታጠፈ ፍራሽ አየሁ። ድሮ የሚጠብቁ ሰዎች አግዳሚው ላይ ይደረደሩ ነበር። ዛሬ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ጫማ ሲቀበሉኝ አያለሁ» አለኝ፣ ክሩን በሰም እያሸ። «ከእጄ ይወስዱና ትንሽ ራቅ ብለው በመሐረብ ይጠርጉታል። የማላይ መስሏቸው ነው። ድኛለሁ እኮ። ሐኪሙ ድነሃል ብሎኛል። ግን ለማን ላንብብለት? በመንገድ ሁሉ ወረቀት ይዤ ልሩጥ?»

«ከባድ ነው» አልኩ።

«ያቺ ልጅ ናት አሉ። የከሰዓቷ። አዘነች አሉ፣ ሻማ አበራች አሉ። እኔ ምን አደረግኋት? ያዘነ ሰው ሌላውን ቤት አልባ ያደርጋል?» መርፌውን ሶሉ ውስጥ ወጋውና ወደ ላይ ቀና አለ። «ይህን ያደረገውን ሰው እግዚአብሔር የእጁን ይስጠው!»

«አሜን» አልኩ።

እንዲያው ከአፌ ወጣ። ሰው የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ሲመርቅም ሲራገምም አሜን እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ሳላስብ ነው የምለው። ካልኩ በኋላ ሰማሁት። ጫማ ሰፊው መስፋቱን ቀጥሏል። እኔ ባንድ እግሬ ካልሲ ብቻ አድርጌ ተቀምጬ፣ በራሴ ላይ አሜን ብዬ፣ ነገሩ ግን በእሷ ስም እየተጻፈ።

«አመመህ እንዴ?» አለኝ።

ጫማውን ነገ እወስደዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። «ባንድ እግርህ ልትሄድ ነው?» እያለ ከኋላዬ ሲጣራ ሰማሁት። ቤቴ ድረስ በካልሲ ሄድኩ።

ኅዳር 25፣ ዓርብ

ጸሎት እምቢ አለኝ። ትናንት ማታ ጀመርኩና «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የእኔ በደል ያለው ሌላ ሰው ላይ ነው። ይቅር እንዲባል እንኳ መጀመሪያ የእኔ መሆን ነበረበት።

ቀኑን ሙሉ ካርድ ሳወጣና ስመልስ ሦስት ተሳሳትኩ።

ስለ ምስማሩ ልጻፍ። ምስማር ነበር። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ከበሩ ጎን፣ አንዱ ከመደርደሪያው በላይ። ሰሌዳውን ወረቀቱ ላይ የሰቀልኩት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ ብራውዘሩ ሲታደስ ክፍት ገጽ ሁሉ እንደሚዘጋ ከነርሶቹ አንዷ ስለ ሌላ ገጽ ስታወራ በሰማሁ ማግስት። ዶክተሯ አትንኩ ያሉት ስለ ማተሚያው ነበር። ይህን ሁልጊዜም አውቄዋለሁ። ያቺ ልጅ ልጫናት ስትለኝ፣ ልክ መሆኗን እያወቅሁ ነው ተያት ያልኳት።

ሻማዋስ ለባለቤቴ ነበረች? እሷ እንዲህ ያለ ነገር ትወድ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አትወድም። «ሥዕል ላይ እሳት ምን ያደርጋል?» ብላ ትስቅብኝ ነበር። ሻማዋ ለእኔ ነበረች። ጠዋት ስገባ የሚጠብቀኝ ነገር እንዲኖር ነበር።

ኅዳር 28፣ ሰኞ

ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ዶክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«ሻማዋ የኔ ናት» አልኩ። ሌላ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋኝ። «እንዳይታደስ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ተረኛዋ ልጫነው ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ወረቀቱንም የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

ተቀመጡ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «መቼ ነው ይህን ያወቁት?» አሉኝ።

«ባለሙያው ገጿን ሲያወጣት።»

«አሥራ ስምንት ቀን።»

«አዎ።»

«በየቀኑ በዚህ በር ያልፋሉ። በየቀኑ ደህና አደሩ ይሉኛል።»

«አዎ።»

«የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው መዝገብ ነው የወጣው፣ ያውቃሉ? ለእያንዳንዱ የይቅርታ ደብዳቤ እየጻፍን ነው። በደብዳቤው ላይ "ተጠያቂዋ ሠራተኛ ታግዳለች" ብዬአለሁ።» ብዕራቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ልቤ ያዝንልዎታል። ስለ ሻማዋ ማለቴ ነው። ስለ ዝምታዎ ግን አያዝንም።»

«እንዲያዝንልኝ አልመጣሁም፣ ዶክተር። እሷ እንድትመለስ ነው። ያለፈው ደሞዟም ጭምር። በጽሑፍ፣ ሁሉም በሚያነበው።»

ጥፋቱ የኔ እንደሆነና እሷ እንደምትመለስ የሚገልጸውን ደብዳቤ እኔ ራሴ እንድጽፈው አዘዙኝ። የእጅ ጽሑፌ መጥፎ አይደለም። ሠራተኛ ሁሉ በሚያይበት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ዘበኛው ጣቱን እያስኬደ አነበበውና ወደ በሩ ተመለሰ። እኔ ከነገ ጀምሮ ፎቅ ላይ፣ አሮጌ ካርዶች በሚከማቹበት ክፍል ነኝ። እዚያ ኮምፒውተር የለም።

ኅዳር 29፣ ማክሰኞ

ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯን ለምኜ መዳኑን የሚያስረዳ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለአከራዩ አስጽፌ ይዤ ነበር። መጀመሪያ ግን የመጣሁበትን ነገርኩት። «የዚያን ዕለት አሜን ያልኩት በራሴ ላይ ነው» አልኩት።

የግራ ጫማዬ እጁ ውስጥ ነበር። ለረጅም ጊዜ አገላበጠው።

«ተቀመጥ» አለኝ።

«ሌላ ጊዜ ልምጣ...»

«ተቀመጥ አልኩህ። የሰው ጫማ ይዤ ሰው አልሰድብም።»

ጨርሶ ሰፋው። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ አፈር አራገፈ፣ ከእግሬ ሥር አኖረው። ሳላስበው መሐረቤን ላወጣ እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ጫማውን አጠለቅኩ። ደብዳቤውን ሰጠሁት። «ደብዳቤ ተሸክሞ ቤት አይገባም» አለ፣ ግን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

«አሁን ሂድ» አለኝ። ከኋላዬ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ተገቢ ነበር።

ታኅሣሥ 4፣ እሑድ

ዛሬ ቤቷ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው መብራት የለውም። በሩን የከፈተችልኝ ልጇ ናት። «እማዬ፣ ሽማግሌ መጣ» ብላ ጮኸች።

እሷ ከውስጥ ወጣች። ጥቁሩን አውልቃለች፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። «ይግቡ» አለችኝ። ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ደብዳቤውን አንብበሻል?»

«ዘበኛው በስልኩ አንስቶ ላከልኝ።»

«የከለከልኩሽ እኔ እንደሆንኩ ለምን አልተናገርሽም? ስለ ሻማዋስ?»

«ሻማዋን ካየኋት እኮ ብዙ ጊዜዬ ነው። የኔ አይደለችም፤ ከእኔና ከእርስዎ ሌላ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም። ማን ሊሆን ነው ታዲያ?» ሳቅ አይሉት ምን፣ ትንሽ ተነፈሰች። «ሰው ሲመጣ ዝቅ አደርጋት ነበር፣ እንዳይስቁብዎት። የሰው ሐዘን ነው፣ እኔ በየት ገብቼ ላውራው? ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዶክተሯ ፊት ጠበቅኩ። ቤት መጥቼም ጠበቅኩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እርስዎ ነዎት እያልኩ እሮጣለሁ። ልጄ እንኳ "ማን ነው የሚደውልልሽ?" ትለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ተውኩት።»

አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልኩላትም።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አልኳት።

ልጇን ወደ ውስጥ ሰደደቻት። ቁጭ አለች። «አሁን ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል» አለች። «እርስዎም ጸሎተኛ ሰው ነዎት። የውሸት ይቅርታ ምን ያደርግልዎታል?»

«ምንም።»

«እንግዲህ።»

ተነሳሁ። «ሻይ ጥጃለሁ፣ ይቀመጡ» አለች። ቀዳችልኝ። «ስኳር ስንት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ስንት እንደምወድ አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ባለቤቴ ስትጨምርልኝ ኖሬ፣ ቤቴ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ሳልቆጥር እገለብጣለሁ። «አንድ» አልኩ። አነሰኝ። ጨምሪልኝ አላልኩም።

ነገ ሰባት ሰዓት ሥራ ትገባለች። ርክክቡ ከማን ጋር እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከአዲሱ ሰው ጋር ነው አልኳት። «ጥሩ» አለች። በሩ ላይ ስንደርስ ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ግድግዳውን ይያዙ አለችኝ። ይዤ ወረድኩ።

በዚህ ደብተር ላይ ብዙ ነገር አሳምሬ ጽፌያለሁ። መልሼ ሳነበው አፍራለሁ። ዛሬም ከሰፈሯ ስመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ያለችውን በልቤ ማለስለስ ጀምሬ ነበር፤ ሻይ መስጠቷ ይቅር ማለቷ ነው፣ ግድግዳውን ይያዙ ማለቷም እንዲሁ፣ እያልኩ። አይደለም። ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል ነው ያለችኝ። ልክ እንዳለችው ጻፍኩት።